የሰው ዝናብ

ከደብረ ሲና ላይ ደወለች እህቴ፣
ሰላም እንኳ አላለች፤ «ተነሺ በሞቴ!
ጣርማ በር አይታይም፣ ከቀትር ጀምሮ፣
ዳመናው ወርዶበት፣ ተራራውን ቀብሮ።
መብራት አብርተናል፣ ገና ነው አሥር ሰዓት፣
ስልኩን በደጅ ላውጣው፣ ስሚው የበረዶን ጩኸት።»

ሰማሁት።

እኔ ሸዋ ሮቢት፣ ጀርባዬን ፀሐይ እየገረፈኝ፣
ሽንኩርት ለቀማ ላይ፣ ላብ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣
ሰማዩ የታጠበ ሳህን፣ አንዲት ጠብታ የለው፤
እኛ ታች ያለን ግን እናውቃለን፣ ጎርፍ የሰው ዝናብ ነው።

ሦስት ሰዓት አለን።
ምናልባት ሦስት ተኩል፣ መሬቱ ትንሽ ከጠጣው፤
አምና ግን በሁለት ሰዓቱ ነው፣ ደጃችን ድረስ የመጣው።
ያኔ ነው የነአወል ግድግዳ፣ ከነመስኮቱ የሄደ፣
ፍየሏ በገመዷ ታስራ፣ ገመዱ ከነችካሉ የወረደ።

ሩጫ ሆነ።
ዘነበወርቅ (በስሟ የምንቀልደው ሌላ ቀን ነው፣ ዛሬ አንቀልድም)
የማዳበሪያ ጆንያ ታድላለች፤ አሸዋ ሙሉ! የሚቦዝን እጅ የለም።
አወል የባጃጁን የሦስት ሰው ሕግ ጥሎ፣
አምስት አሮጊት ይጭናል፣ «ሂሳብ የለም» ብሎ፤
በሁለተኛው ዙር ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን፣ ሦስት ዶሮ፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቬሎ፣ በላስቲክ ታስሮ።

እኛ ደግሞ የውኃ ሞተሩን፣ ዕዳው ያላለቀ፣
ላቀው ብሎን ሲፈታ፣ አንዱ ዝጎ ተጣበቀ፤
በመዶሻ ስቀጠቅጠው፣ እንደ ሰው ሰደብኩት፣
ስልኬ ጡቴ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ ቆይ ብዬ ተውኩት።
ሽንኩርቱስ?
ይቅር። ግማሹ ገና መሬት ውስጥ ነው፣
ለመሬት ያበደርነውን፣ ጎርፍ ነው የሚመልሰው?

ጋሽ እንግዳሸት እንቢ አሉ፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣
«መንገዱን የዘጋሁት እኔ፣ ቤት የሠራሁበት ሰው፣
ሮቢ መንገዴን ቢል፣ ምን ብዬ ልሸሸው?
ሲመጣ ይቅርታ ልለው።»
ላቀው አልተከራከረም።
አነሳቸው፣ ከነወንበራቸው።

ትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ፣ ስማችን ሲጠራ፣
የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ባትሪው አልቆ ሲያንኮራራ፣
ኮከብ ወጣ። ብዙ ኮከብ። አንድም ዳመና የለም፤
አንድ ልጅ «ውሸታችሁን ነው» አለ፣ ማንም አልመለሰለትም።

መጀመሪያ ሽታው ደረሰ፣
ሄደን የማናውቀው አገር አፈር፣ የደጋ ሣር፣ የበሰበሰ።
ከዚያ ድንጋዩ፤
ድንጋይ በድንጋይ ሲፋጭ፣ መሬት ጥርሷን ስታፏጭ፣
ግንድ ሲሰበር፣ ከጨለማው ጨለማ ሲሮጥ በደጅ።
ጆሮአችን ብቻ ነበር የሚያይልን፤ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣
እየቀረበ፣
ከዚያ ደግሞ፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ዞረ፤ ጩኸቱ ከኛ ገሸሽ አለ፤ ጠፋ።

«ተመስገን!» አልን። «አልሐምዱሊላህ!» አለ አወል፣ ተደፋ፤
ዘነበወርቅ እልል አለች።
እልልታው አፏ ላይ ሳለ፣ በማዶ፣
አንዲት የእጅ ባትሪ ታየች፣ ጨለማውን ቀዶ።
ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ደግሞ ወደ ላይ፣
የሚጠራን ይመስል፣ ከቶ ማንም ሳያይ።
ከዚያ አልታየችም።

ዝም አልን።
ጎርፉ ዞሮ የት እንደሚሄድ፣ ማንም አልጠየቀም ነበራ።
እህቴ ደወለች ያን ጊዜ፤ «አይዞሽ፣ እዚህ አባራ፣
ጨረቃ ወጥታለች» አለች። እሺ አልኳት። ዘጋሁ።
ስክሪኑ ላይ ቀሪ ጥሪ አለ፤ ሁለት ጊዜ። አየሁ።
አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ። ብሎኑን በመዶሻ ስመታ።
ኑሪት ናት። የማዶዋ ኑሪት። ሞተር ተጋርተን የምናጠጣ።

እህቴ ለእኔ ደወለች።
እኔ
ሞተሩን አድኛለሁ፤ ይኸው ከጉብታው ላይ ቆሟል፣
ጭቃ እንኳ አልነካው፤
ጋሽ እንግዳሸት ከወንበራቸው ሆነው፣ «ነጋ ወይ?» ይላሉ፤
ገና ነው።