ተለዋጭ ቀጠሮ

ቢቸና ላይ ያለው የድሮ ችሎት ቤት፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለም የምንፈጭበት፣
ቁልፉ ክንድ ያክላል፣ ጣራው ያፈሳል፣
ባልዲው ከልጆች ጋር ድራማ ያጠናል።

«ቅርስ ነው» ብሎ ጻፈልን ወረዳ፣
«ሚስማር እንዳይመታ በዚህ ግድግዳ።»
እሺ አልን፤ ሥዕሉን ልጆቹ ይዘው
እንግዳው እስኪያልፍ ቆሙ ሚስማር ሆነው።

አያ ቢምረው ግን ከደጁ አያልፉም፤
በርስት ሙግት ተረትተው ዳግም አልገቡም።

ዳኛ የሚሆነው ልጅ ጉንፋን ሲጥለው፣
«ይግቡልን» አልናቸው፤ ካባውን ደርበው
ገቡ።
ከወንበሩ ዝም አሉ እስኪጨንቀን፤
የጻፍንላቸውን ፍርድ ትተው፣ እያዩን፣
«ለፊታችን ቅዳሜ» አሉ «ተቀጥሯል።»

ካባችን ሳምንቱን ከሳቸው ቤት ያድራል።