ጀርባዬን ለባሕሩ

ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ የገመድ ጫፍ ጨብጬ፣
ጀርባዬን ለባሕሩ፣ ፊቴን ለሰዉ ሰጥቼ
ከቀትር ጀምሮ ቆሜአለሁ።
«ሰማዩን ማየት ያንተ ሥራ አይደለም፤
ያንተ ሰዉ ነው» አለኝ ጉልዛማን፣
ፔሻዋሬው አለቃዬ፤ ቀልድ አያውቅም።
አገሩ ራስ አልኸይማ ይባላል።
ራስ በሚሉት ከተማ ላይ
ራሴን ማዞር ተከልክያለሁ።

ጄቶቹ መጡ፣ ሄዱ።
ሰባት ሆነው፣ አሉ፤ ጭሳቸውን ፈትለው።
እኔ ያየሁት አገጭ ነው፤
በአንድ ጊዜ ወደ ላይ የተሰቀለ የሺህ ሰው አገጭ፣
የሱዳናዊው ሽማግሌ የወርቅ ጥርስ፣
አይስክሬሙ ክርኑ ላይ የቀለጠ ልጅ።
ዓይኔ ታዟል። ጆሮዬን ግን ማንም አላዘዘውም።

የቀረችው አንዲት ናት።
በድምፅ ማጉያው በዐረብኛ ተናገሩ፣ በእንግሊዝኛ ደገሙ፤
በሁለቱም ያልተለወጠች ቃል «ዳኮታ» ብቻ።
የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣
ወታደር ያመላለሰች፣ ጥይት የቀመሰች፣
በዚያ ጭጋግ ውስጥ ለብቻዋ ትመጣለች።
አሥር ደቂቃ ቀራት አሉ።
ቆይተው ሃያ አሉ።
ከዚያ ዝም አሉ።

እኔ እሷን የማውቃት በሆዷ ነው።
ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል ግቢ፣
ከክንፏ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣
ዘይቷ ግንባሬ ላይ ጠብ ሲል
«አትጥረገው» ይለኛል ሃምሳ አለቃ ወርዶፋ፣
«ይህች ካንጠባጠበች ዘይት አላት ማለት ነው፤
ፍራ፣ ደርቃ ያደረች ዕለት።»
አሥራ አራት ሲሊንደር በግራ፣ አሥራ አራት በቀኝ፤
ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣቸው ነበር፣
የዜማ መምህር ከተማሪዎቹ መሀል
የሳተውን አንዱን እንደሚለይ።
«ሰባተኛዋ» ይላል፤ «ሰባተኛዋ ተኝታለች፣ ቀስቅሳት።»
እኔም መፍቻዬን ይዤ እወጣለሁ።

ያ ልጅ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤
እውነቱን የሚያውቀው ጉልበቱ ነው።

ሰዉ ሰለቸው። ምንጣፍ ይጠቀለላል፣
የጋሪ ጎማ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፣
ሻማል የሚሉት ነፋስ ላስቲክ ያባርራል።
አንዲት እመቤት ለባሏ «አሮጌ ናት፣ ተበላሽታ ይሆናል» አለችው።
ልመልስላት አማረኝ፦
አሮጌ ሞተር ወዲያው አይነሣም፣ እሜቴ፤
መጀመሪያ ያስላል፣ ይቆጣል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣
ከዚያ ነው የሚታረቅ።
ግን ዐረብኛዬ የጥበቃ ዐረብኛ ነው፤
«ወደ ኋላ»፣ «ተጠንቀቁ»፣ «ይቅርታ»፤
ከሦስቱ በአንዱም ይህ አይባልም።
«ይቅርታ» አልኳት።
ግራ ገብቷት አየችኝ።

ያኔ
መጀመሪያ በጫማዬ ሥር፣
ቀጥሎ በጥርሴ፣
ቆይቶ በጆሮዬ፤
ድምፅ አይደለም ገና፣ የድምፅ ክብደት ነው።
ጉልዛማን ስልኩን ይነካካል።
ሰዉ መኪናውን የት እንዳቆመ ይከራከራል።
ግራዋ ደህና ነው፤ የጠገበ ነው።
ቀኟ፣ ቆይ፣
ቀኟ ላይ አንዷ ሳተች።
ሰባተኛዋ ትሁን አትሁን ከዚህ ማን ያውቃል፤
እኔ ግን ሰባተኛዋ ናት፣ ጋሼ ወርዶፋ፣
ሰባተኛዋ ናት ብያለሁ።

ከገመዱ ማዶ አንዲት ልጅ
የእናቷን መነጽር አድርጋ፣ ፊቷን ግማሽ ውጦት፣
ከሰው ሁሉ ለይታ እኔን ታየኛለች።
ጥቁሩ መስተዋት ላይ ባሕሩ አለ፤
ከባሕሩ በላይ ጭጋጉ፣
ከጭጋጉ ፊት ትንሽ ቢጫ ነገር፤ እኔ ነኝ።
«አትንቀሳቀሺ» አልኳት በአማርኛ።
ገባት መሰለኝ፤ አልተንቀሳቀሰችም።

ገመዱ መዳፌን ቆረጠኝ።
መስተዋቱ ላይ ገና ነጥብ የለም።
ገና።