አንድ ፍሬ

ከዚራ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣
ኒም ዛፍ ያጠላባት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ፤ ጠባብ ናት።
ከመስኮቷ ላይተር አለ፣ በሲባጎ ያሰርኩት፣
በትልቅ ሰው ደረት ልክ ለክቼ የሰቀልኩት።

ረምዚ ይመጣል፤ አራተኛ ክፍል ነው፣ ጥርሱ ገና ያልሞላ፤
«አቦ፣ አንድ ፍሬ ስጠኝ፣ ለአባቴ» ይላል፤ «አንድ ደግሞ ከረሜላ።»
ፓኮውን ገልጬ አንዷን እመዛለሁ፤
በላብ የራሰች ብሩን ዘርግቼ አያለሁ።
ለአባቱ የተላከ ልጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል?
ከረሜላው ምን እንደሚሸፍን አፍንጫዬ ግን ያውቃል።
ያውቃል እንጂ፣ ኪሴ ይገሥጸዋል፦ «አርፈህ ተቀመጥ፣ ምን አገባህ?
የገዛ ወላጁ ያላየውን አንተ ማን ነህና አየህ?»

ሐሙስ ዕለት፣ ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታቀልጠው፣
ሙህዲንን፣ አባቱን፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ሲመለስ ውሃ ጠማው።
ሲጋራ ብዘረጋለት ሳቀብኝ፦ «ዋላሂ፣ ትቻለሁ፤
ከረመዳን ወዲህ ያለ ሳል አድራለሁ።»

ከረመዳን ወዲህ።
ስንት ፍሬ ይሆናል? ጣቶቼን ብቆጥር አነሱኝ።
ጠርሙሱን ልቀበለው ወጣ ብዬ ሳጎነብስ፣
ከመስኮቴ ሥር፣ ድንጋይ።
ከደቻቱ አሸዋ የመጣ፣ ጎርፍ ያለሰለሰው፤
ላዩ ላይ የሦስት ዓይነት ጫማ ዱካ፣ ሦስቱም የትንሽ ሰው።
እሳቴ ዘንድ ሊደርሱ፣ የጎደላቸውን ቁመት
ተሸክመው ነው ያመጡት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ፍሬ ስሸጥ፣
ለአንድ ፍሬ ልጅ ነበር።

ሲባጎውን በቢላ በጠስኩት፤ እሱስ ቀላል ነው።
«ለልጅ ሲጋራ አንሸጥም» ብዬ በካርቶን ጽፌ ሰቀልኩ፤
መምህርት ኢክራም ስታልፍ «‹ሸ›ህ አጋደለች» ብላ ሳቀች፤
ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ናቸው?» አለች።
ድንጋዩን አሳየኋት።

ማዶ ሦስት ሱቆች አሉ። አንዷ «እሺ» አለችኝ፣ አንዱ «እናያለን»፤
ሦስተኛው ግን ተቆጣ፦ «እኔ ብተው ሌላው ይሸጣል!
ኪራዬንስ አንተ ትከፍላለህ?»
የትናንት ቃሌን ከአፉ ሰማሁት፤ መልስ አጠረኝ።
ነገም እሄዳለሁ።

ድንጋዩን አላነሳሁትም።
ዛሬ ረምዚ ቆመበት፤ ዐይን ለዐይን ተያየን።
«አንድ ፍሬ…»
«ለማን?»
«ለአባ…» አለና ቀሪውን ዋጠው።
ከረሜላዋን ሰጠሁት፣ ብሩን መለስኩለት።
አልሄደም። እኔም አልተናገርኩም።
ጣራዬ ላይ የኒም ፍሬ ሲወድቅ አብረን ሰማን፦
አንድ።
ቆይቶ ደግሞ፣ አንድ።