ገጽ ሦስት መቶ አርባ

የመጻሕፍቱ ዝርዝር ሁለት ገጽ ሞላ፣
"የግድ" የሚል ፊት ለፊት፣ "ቢቻል" የሚል ኋላ።
አሥራ አንድ አርእስት ነው፤ ዋጋቸው ሲደመር
የሁለት ወር ኪራዬ ከነመብራቱ ነበር።

ዶክተር ቶርዳርሰን አሉ፣ መነጽር እያበሱ፣
"አዲሱን እትም ግዙ፤ ተሻሽሏል እሱ።"
ምኑ ተሻሻለ? ብዬ አልጠየቅኩም።
ሰው ካምናው ወዲህ እንኳ አጥንት አልጨመረም፤
ጣፊያው ቦታ አልለቀቀ፣ ጉበቱ አልዞረም።

ጉርፕሪት ከሁለተኛ ዓመት፣ ስልኩን እያሻሸ፣
"ወረቀት ተሸክመሽ? የሱ ዘመን እኮ መሸ!"
ብሎ በአንድ ጣቱ ቢያንሸራትት፣
ኩላሊት ተሽከረከረች በብርሃን መስታወት፣
ሰማያዊ ሥሯ፣ ቀይ ሥሯ፣ ምንም ሳይነካኩ፣
እንደ ሱቅ ፍራፍሬ፣ እድፍ የሌለው መልኩ።

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል።
መካር የበዛበት ተማሪስ?
ነሐሴ አለቀ፤ ዝርዝሩ በኪሴ፤
አንድ ገጽ ሳላነብ ዞረብኝ ራሴ።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዚሁ በዊኒፔግ ሆስፒታል፣
የበሽተኛ አልጋ ገፍቻለሁ፤
ከድንገተኛ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ቀዶ ጥገና፣
አንዳንዴም በጓሮው ሊፍት፣ ፊቱ ተሸፍኖ፣ ወደ ታች።
ሰው ስንት እንደሚመዝን እጄ ያውቃል፤
መታጠፊያው ላይ ጎማው ሲያምፅ ያውቃል።
የማላውቀው ስሙን ነው፣
ከቆዳው በታች ያለውን፣ ያን ሁሉ የላቲን ስም።

ሸርብሩክ ጎዳና፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ፣
ሮዌና ካርቶኗን ገለበጠች ምንጣፍ ላይ።
ትምህርቷን ልትጨርስ ነው፤ ሻንጣዋ በሩ ጋ ቆሟል።
"ይሄ ሃያ፣ ይሄ ስልሳ። ያኛው አርባ፤ ግን አርጅቷል።"

ያኛውን አነሳሁት።
ሦስት ኪሎ ተኩል፤ እኔ ክብደት አልስትም።
በሁለት እትም የዘገየ፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፣
እንደ ተሰበረ ክንድ።

የማላውቀው ሰው እርሳስ፣ ደቃቅ፣ ወደ ግራ ያዘመመ፣
በየነርቩ ዳር ቆሞ ራሱን ያስጠናል።
"ይህ ይመጣል" ይላል። "ይህን ብትረሳ ወየውልህ" ይላል።
ሳንባ ላይ ምን እንዳሳቀው እንጃ፣ ሦስት ቃለ አጋኖ።
ክርን ላይ የሻይ ክብ።
ልብ ላይ፣ ከአራቱ ክፍሎች ጎን፣
"ወተት። ባትሪ። ለእናቴ ደውል።"

እንዲህ እያለ መጥቶ፣ ገጽ ሦስት መቶ አርባ፣
ከአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል፣
ከስሩ ያሰመረው መስመር ቀጥ አለ።
ምዕራፉን አየሁት፤ ጉልበት ይላል።
ጉልበት ላይ ጉልበቱ ከዳው?

"ይሄ ሰውዬ የት ደረሰ?"
ሮዌና ትከሻዋን ሰበቀች፤
"እኔም ከሌላ ነው የገዛሁት።
መጽሐፍ ላይ ደግሞ አልጽፍም፣ ሲሸጥ ይረክሳል።"

ወድቆ ይሆናል። አግብቶ ይሆናል።
እርሳሱ አልቆበት፣ የቀረውን በቃሉ ይዞት፣
ዛሬ አንዱ ክፍል ውስጥ የሰው ሆድ እየዳሰሰ ይሆናል፤
ምናልባት አልጋ ገፍቼለታለሁ።
ከሦስት መቶ አርባ አንድ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ
የጥር ማለዳ ጓሮ ነው፣
ዱካ የሌለበት በረዶ፣ እስከ ጉልበት።

አርባዋን ቆጠርኩ። አምስቷን መለሰችልኝ፣
ለፕላስተሩ ብላ።

አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አጋደምኩት፤
በልማድ፣ ሲንገጫገጭ ራስጌውን ደገፍኩት።
ፖርቴጅ ሳንደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤
ገመዱን ሳብኩና ከፌርማታው በፊት ተነሣሁ።
እርሳስ የለኝም።