የአንሙት ጠዋት

ደብረ ማርቆስ፣ ከካርድ ቤቱ ጀርባ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል፣
መቶ አርባ ደም ግፊተኛ ለሁለት ሲከፈል፣
ግማሹ ክኒኑን ጠዋት እንዲውጥ፣ ልክ በአንድ ሰዓት፣
ግማሹ ማታ በሦስት፣ ከመኝታው በፊት፣
ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።
ክኒኑ ያው ክኒን ነው፤ ነጭ፣ ክብ፣ መራራ፤
አዲሱ ነገር ሰዓቱ ነው፤ እሱ ነው ሙከራ።

ደም፣ ይላል የጥናቱ መግቢያ፣ ከባለቤቱ ጋር አይነቃም፤
ሌሊት ዝቅ ብሎ ያሸልብና፣ ወፍ እስኪንጫጫ አይጠብቅም፤
እንደ ሩቅ አገር ገበያተኛ፣ ቤተሰቡን ሳይቀሰቅስ፣
በጨለማ ጭኖ ይወጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ለመድረስ።
ልብ የሚደክመው ያን ጊዜ ነው፤ ዳገቱ ላይ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ የዲማው፣ ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤
"ሰዓታት ቆመን ያደግነውን፣ ምነው እስከ ዛሬ ሳትጠይቁ?
ሰዓት መድኃኒት መሆኑን አሁን ደረሳችሁበት፣ ልጄ?"
ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን አሳረፉት ከእጄ።

ሰባ ሦስተኛው ግን አንሙት ነው፤ የመድኃኒት መጋዘኑ ዘበኛ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ነቅቶ፣ ቀን የሚተኛ።
ዕጣው "ጠዋት" ወጣለት። ክኒኑን በመዳፉ አገላበጠና፣
"ሲስተር፣ የቱን ጠዋት?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና።
"ጀንበር ስትወጣ እኔ ተከናንቤ እተኛለሁ፤
ስትጠልቅ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን እበላለሁ።
ይህ የታዘዘው ለእኔ ነው፣ ወይስ ለጀንበሯ?"

አርባ ሁለት ገጽ አገላበጥሁ። ለእሱ የሚሆን ረድፍ የለም።
ዶክተሩ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ "ይውጣ፤ ለጥናቱ አይሆንም።"

ያን ሌሊት ተረኛ ነበርሁ። በዘጠኝ ሰዓት መለኪያዬን ይዤ ግቢውን አቋረጥሁ፤
ባትሪውን አበራልኝ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ለካሁ።
መቶ ስድሳ ስምንት በመቶ ሁለት።
የሌላው ሰው ደም ይኼኔ፣ እንደ ደጀን ጭነት መኪና፣
በአንደኛ ማርሽ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ ቀስ ይልና፤
የእሱ ግን አፋፉ ላይ ቆሟል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፤
ደሙም ዘብ ሆኖበታል፤ ተኛ የሚለው አለቃ የጠፋ።

"ያንቺስ?" አለኝ።
ዘጠኝ ዓመት የማታ ተረኛ ነኝ። ለክቼ አላውቅም።
ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠመጠምሁ፤ ባትሪውን ያዘልኝ።
ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ቅጹ ላይ ስሙን ሰረዝሁ። "ምክንያት" ከሚለው ፊት
"ጠዋት የለውም" ብዬ ነበር፤ መልሼ አጠፋሁት።
"ጠዋቱ ሌላ ነው" አልሁ። ማን እንደሚያነበው እንጃ።
ታዲያ መቼ ይዋጥ? አናውቅም። ገና ነው።

አንድ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ተገናኘን፣ ፀሐይ ፊታችን ላይ ወጥታ፤
ተማሪው ደብተሩን ይዞ ይሮጣል፤ የባጃጁ ጡሩምባ፣ የሰዉ ጫጫታ።
ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ "ደህና እደሪ፣ ሲስተር" አለኝ።
አንዲት ልጅ ዞር ብላ ሳቀች።
"ደህና እደር፣ አንሙት" አልሁት፤ እንቅልፌም መጣብኝ።