ልክ

ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፣ በወገራ አገር፣
ገብስና ነጭ ሽንኩርት የሚያኖረው መንደር፣
ሰንበሌጥ ቀበሌ፣ ቅጽ በፌስታል ይዤ
ደረስኩኝ ረፋድ ላይ፤ ሌላ የለም ጓዤ።
ሠላሳ ጥያቄ፣ ሠላሳ ሣጥን አለው፤
ምክር ቤቱ ከመቶ ስንት እንዳመጣ ነው
ተጠይቆ የሚሞላው።

አፈ ጉባኤው አዛናው፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣
ተቀበለኝ ከደጅ፣ ማኅተሙን አውጥቶ፤
ጸሐፊው እያያው መዝገቡን ዘረጋ፤
ጽሑፉ ሥርዝ የለው፣ ጥርት ያለ እንደ በጋ።

«ስብሰባ?»
«ዐሥራ ሁለት፤ አንድም አልጎደለን።»
«ቃለ ጉባኤ?»
«ይኸው፤ ተጠርዞ አለን።»
«የሴቶች ተሳትፎ?»
«ዐርባ ከመቶ።»
«ቅሬታ?»
«ምንም የለ። ሕዝቡ ያድራል ረክቶ።»

ቅሬታ ባዶ ሲሆን ቅጹ ሙሉ ይሰጣል፤
አምስት ብዬ ሞላሁ፤ ብዕሬም ይሮጣል።
ዘጠና አራት መጣ። አዛናው ተነፈሰ፤
እያያው ማኅተሙን በእስትንፋሱ አራሰ።

በሩ ገርበብ አለ።
አንጓች ነች የገባች፣
የጎጥ ሁለት ተመራጭ፤ ሲባጎ ይዛለች።
«እኔም ቆጥሬያለሁ፣ ፊደል ባልቆጥርም፤
ቋጠሮውን እዩት፣ መዋሸት አያውቅም።
ይችኛዋ ሐምሌ ነች፤ ጎርፍ ድልድዩን ሲያፈርስ
መጣሁ፤ በሩ ዝግ ነው። ይች ደግሞ ገብስ ሲደርስ፤
‹ነገ› ነበር መልሱ። ይች የፓምፕ እጀታ
ተነቅሎ የወደቀ፤ ይች የማግስቱ ለታ፣
‹ሰብሳቢው የሉም› ስባል።»

ዐሥራ ዘጠኝ ቋጠሮ
ጠረጴዛው ላይ ተኛ፣ ማኅተሙን ተሻግሮ።

«ቅሬታ የለም?» አለች፤ «ሣጥኑስ የት አለ?
አዛናው ጓዳ ነው፣ የባቄላ ዘር ያዘለ።
ሻጩ ራሱ ሰፍሮ፣ ራሱ ‹ሞላ› ብሎ፣
ገዥ የት ቆሞ ይመስክር፣ ከገበያው ጎድሎ?»

ምን ልበላት እኔ? ስድስት ዓመት ሞላሁ፣
ከሰማንያ በታች አንድ ቀን አላየሁ።
ወረቀቱን ገለበጥኩ፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ ባዶ።
«እናንተ ጠይቁት» አልኩ። ሰው መጣ ከወዲያ ማዶ፤
ለካ ደጅ ቆመው ኖሯል።

አንዱ፦ «ጥያቄ ካቀረብን እስከ መልሱ ስንት ቀን?»
ሌላው፦ «የማዳበሪያው ዝርዝር ለምን በጨለማ ተነበበልን?»
ውባለም፣ ከወደ ኋላ፣ ሻሿን እያጠበቀች፦
«ዐርባ ከመቶ ሴት ተብሏል፤ ስንቷ ተናገረች?»
መሪጌታ ደሳለው ቆይቶ ሐሳብ ጨመረ፦
«ያላልነው ስንት ነው፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረ?»

በጣት፣ በጠጠር፣ በክርክር ደመርነው፤
እየተሳደቡም፣ እየሳቁም። ሲያልቅ አየነው፦
ዐርባ አንድ።

አዛናው ዝም አለ፣ ማኅተሙ ከመዳፉ፤
ሊከራከር ፈልጎ ደረቀበት አፉ።
ክፉ ሰው አይደለም፤ ወላድ ተሸክሞ
ያን ወንዝ ተሻግሯል፣ ሌሊት፣ ራሱም ታሞ።
በኋላ እንዲህ አለ፦ «ጻፈው፣ ዐርባ አንዱን።
ዘጠና አራት ላለው ማን ሊሠራ ፓምፑን?
ግን ደግሞ ሦስት ጊዜ ጽፌ ለወረዳ
አንድ መልስ አልመጣም፤ ይቆጠር የናንተም ዕዳ።»

አንጓች ሲባጎዋን ሳበች፣ ማንንም ሳታይ፣
ሦስት ቋጠሮ ጨመረች፣ ጫፉ ላይ።

በማግስቱ ከጎንደር፣ ከዞኑ ተደወለ፤
«የሰንበሌጥ ነጥብ አማካዩን አጎደለ፤
አሃዝ ተሳስተህ ይሆን?»
ኮምፒውተሩ ፊቱን እንጂ ጀርባውን አይቀበልም።
ውርጭ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ስልኩ ጆሮዬን ያሞቀዋል።
«ልክ ነው» አልኩት።
«ልክ?»
«አዎ። ልክ።»