ከቀኝ ወደ ግራ

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፣ አራት ሳጥን አለው፤
አንዱ ላይ ብቻ ነው ራይት የሚደረገው።
ክሊኒካል፣ ካውንስሊንግ፣ የትምህርት ቤት፣ የሥራ፤
ሐሙስ ሳይመሽ በፊት፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖር፣ ጽሑፉ የጠራ።

ከመስኮቴ ውጪ የጦሳ ጉም ቆሟል፤
ቅጹን ሊያነብልኝ የመጣ ይመስላል።

አጎቴ ይማም «ሥራውን» ይለኛል፦
«ኮምቦልቻ ውረጂ፣ ፋብሪካው ሞልቷል፤
ሠራተኛ መርጠሽ፣ ጠባቸውን አብርደሽ፣
ሰርቪስ ከደጅ ወስዶሽ፣ ሰርቪስ ከደጅ መልሶሽ።»
እናቴ ደግሞ ነጭ ጋውን ነው ያማራት፤
«ዶክተር አይሉሽም ወይ?» ትለኛለች በራት።
«አይሉኝም» ስላት ዝም ብላ ትቆያለች፤
ሽሮውን አማስላ፣ «ቢሉሽስ?» ትላለች።

አባቴ ምንም አይል። ሃያ ሁለት ዓመት
ሐረጎን ወርዷታል፣ ሐረጎን ወጥቷታል፣ በዚያች ሚኒባስ።
አንድ ቀን ብቻ አለኝ፣ መሪውን እንደያዘ፦
«ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነው እንጂ ፍሬን አይታመንም፤
ፍሬን ያመነ ሰው ቦርከና ላይ ነው የሚቆመው።»
ስለ ቅጹ ይሁን፣ ስለ መኪናው ብቻ፣
እስካሁን አልገባኝም።

እኔ ግን ሳጥኖቹን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ
የሙሄ ደብተር ነው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ለተግባር ልምምድ ስንወጣ፣
ሰኞ ገበያ ጀርባ ካለ ትምህርት ቤት ተመደብኩ።
ሦስተኛ ክፍል፣ መጨረሻው ዴስክ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ
ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ልጅ ነበር።
«እሱን ተዪው» አሉኝ መምህርት አስካል፣
«ልብ የለውም። ሦስት ዓመት ለፋን፣ ፊደል አልገባውም።»
ክፋት አልነበረም። ሰባ ሁለት ልጅ ነው ክፍሉ፤ ደክሟቸው ነው።

የጻፈውን አየሁት። መስመሩ ከቀኝ ጥግ ይነሣል፤
«ረ» ጀርባዋን ሰጥታ፣ «ነ» ፊቷን አዙራ፣
ቃሉ ሁሉ በጅራቱ ተጎትቶ ይገባል፤
እንደ ተገለበጠ ነጠላ፣
ጥለቱ አለ፣ ግን በውስጥ በኩል ነው።

ማታ ቧንቧ ውሃ አባቴን ስጠብቅ፣ ሲደርስ፣
ወረቀቱን በሚኒባሱ ስፖኪዮ ፊት ያዝኩት።
ስፖኪዮው አነበበው፦
«ሙሄ እባላለሁ። ጥርሴ ወለቀ። ጣራ ላይ ወረወርኩት።»

ሳቅሁ። ከዚያ አፈርኩ።

ጠዋት ጠዋት ቁርኣን ይቀራል፤ እዚያ አንደኛ ነው፤
ኡስታዙ ራሳቸው መስክረውለታል።
ታዲያ እጁ መንገድ ለምዶ ነው? ወይስ ዓይኑ
በሌላ በር ነው የሚገባ? ወይስ ሁለቱም?
እኔም ቀርቻለሁ፣ ጎኑ የተቀመጠውም ልጅ ይቀራል፤
ስንሻገር ግን አልጠፋብንም።
ሦስት ዓመት የተማርኩት፣ ያ ሁሉ ሃንድአውት፣
የሞቱ ፈረንጆች ስም፣ የውሾች ምራቅ፣
አንዱም አልመለሰልኝ።
መምህርት አስካል «እህስ?» ሲሉኝ
«አላውቅም» አልኩ።

ብዙ ነገር አላውቅም፤
የፋብሪካውንም ጠብ፣ የሆስፒታሉንም ሕመም።
እነዚያ ግን እንቅልፍ አይነሡኝም።
ይኼኛው «አላውቅም» ጫማዬ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር
ሆጤ ስወጣም አብሮኝ፣ ፒያሳ ስወርድም አብሮኝ።

ሐሙስ ነው። ጉሙ ተነሥቶ ጦሳ ከነድንጋዩ ይታያል።
አጎቴ ይቆጣል። እናቴ «ስንት ይከፍላል?» ትላለች።
አልጠየቅሁም። ብዙ እንደማይሆን ግን አውቃለሁ።

ሦስተኛውን ሳጥን ራይት አደረግሁት።
ስሜ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤
እስቲ ብዬ በረቂቅ ወረቀት ከቀኝ ሞከርኩት፣
«ጦይባ» የሚለውን፣ ፊደሎቹን ፊት አዙሬ።
አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ መሐል ላይ ጠፋሁ።
ሙሄ በየቀኑ የሚውለው እዚህ ነው።

ሬጅስትራር አምስት ተኩል ላይ ይዘጋል።
ጫማዬን አሠርኩ፣ ጠጠሩን ሳላወጣ።